«ጥቁር ብቻ ነው የሚታየኝ» ለምትሉ፦ ትንሹን ተንቀሳቃሽ ቴሌስኮፕ መግጠምና መጠቀም

«ቴሌስኮፑን ገጥሜ ወደ ሰማይ አዞርኩት፤ ጥቁር ብቻ ነው የሚታየኝ። ተበላሽቶ ይሆን?» ይህ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ፎቶ አንስተው የሚልኩልኝም አሉ፤ አንዳንዴ የፊት ክዳኑ እንደተገጠመ ፎቶው ላይ ይታየኛል። ዕቃው በእውነት ተበላሽቶ የተገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገር አያልፍም፦ ያልተከፈተ ክዳን፣ ያልተስተካከለ አነጣጣሪ (ቱቦውን ወደምትፈልጉት ነገር የሚመራው ትንሽ መሣሪያ)፣ ወይም በመጀመሪያው ምሽት ከሁሉ በላይ የሚያጎላውን ሌንስ መግጠም።

ስለዚህ መልሱን አንዴ በዝርዝር ልጻፈው። መመሪያው በቦርሳ ለሚያዝ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት ከ60 እስከ 80 ሚሊሜትር ለሆነ ቴሌስኮፕ ነው። ምሳሌ ስሰጥ 70 ሚሊሜትር ስፋትና 400 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት (ከፊት ሌንሱ እስከ ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት) ያለውን እወስዳለሁ፤ ብዙ ጀማሪ እጅ የሚገባው እሱን የመሰለ ነውና። የእናንተ በሌንስ ሳይሆን በመስታወት የሚሠራ ከሆነ አገጣጠሙ ትንሽ ይለያል እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ፀሐይ

ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ አታዙሩ። ለአንድ ሰከንድም፣ በስስ ደመና ውስጥም፣ ልትጠልቅ ስትል ቀልታም ቢሆን። የፊት ሌንሱ የሰበሰበው ብርሃን በሙሉ በዓይናችሁ ብሌን ውስጥ ያልፋል። ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚያርፍበት የዓይን የኋላ ክፍል፣ ሕመም ስለማይሰማው ዓይን ሲቃጠል አያስጮህም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ላይመለስም ይችላል።

የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በቴሌስኮፕ ማየትም አይሆንም፤ የተሰበሰበው ሙቀት መነጽሩን ወዲያው ይበሳዋል። ከአንዳንድ ቴሌስኮፕ ጋር ከዓይን ሌንሱ (ዓይናችሁን አስጠግታችሁ ከምታዩበት ትንሽ ሌንስ) ሥር የሚጠመዘዝ ትንሽ ጥቁር «የፀሐይ ማጣሪያ» ይመጣል። ካገኛችሁት ጣሉት፤ የሚቀመጠው ሙቀቱ በሚከማችበት ቦታ ስለሆነ እያያችሁ ሳለ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፀሐይን በቴሌስኮፕ ለማየት የሚያገለግለው ከፊት ሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ብቻ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ግን ፀሐይን ጨርሶ መተው ነው።

ቀን ላይ የተገጠመ ቴሌስኮፕ ልጆች ባሉበት ብቻውን አይተው። ቦታውን ስትለቁ ክዳኑን ግጠሙ፤ አነጣጣሪው ሌንስ ያለው ከሆነ የእሱንም ክዳን አትርሱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቴሌስኮፑና ባለሦስት እግር መቆሚያው፣ ማለትም ትራይፖዱ
- ሁለት የዓይን ሌንሶች፤ አብዛኛውን ጊዜ 20 እና 10 ሚሊሜትር የሚል ተጽፎባቸዋል
- ዳያጎናል፤ ብርሃኑን አጥፎ ወደ ላይ የሚያወጣው ክርን መሳይ ዕቃ
- ፋይንደር፤ ከቱቦው ጎን ወይም ከላይ የሚቀመጠው ትንሽ አነጣጣሪ። ባለ ቀይ ነጥብ ከሆነ ባትሪውን አረጋግጡ
- ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪ። ከሌለ ተራው ላይ ቀይ ፕላስቲክ በላስቲክ ማሰር ይበቃል
- ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን ነገር፤ ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች የያዘ ቦርሳ በቂ ነው
- ወንበር
- በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚነፋ የሌንስ ጎማ
- ስልክ ላይ የተጫነ የሰማይ ካርታ፤ ለምሳሌ ስቴላሪየም

ወንበሩን እንደ ቅንጦት አትዩት። ጎንበስ ብሎ ቆሞ የሚያይ ሰው ጭንቅላቱ ስለሚወዛወዝ ከተቀመጠ ሰው ያነሰ ነው የሚያየው።

ሁለቱን ቁጥሮች ማወቅ

ቴሌስኮፑ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ለማወቅ የቱቦውን የትኩረት ርዝመት ለዓይን ሌንሱ ቁጥር ማካፈል ነው። 400 ለ20 ሲካፈል 20 እጥፍ፤ 400 ለ10 ሲካፈል 40 እጥፍ። ትንሹ ቁጥር የበለጠ ያጎላል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የማጉላት ቁጥር እርሱት። ጥሩ አየር ባለበት ምሽት እንኳ ጠቃሚው ከፍተኛ ማጉላት በሚሊሜትር ከተለካው የሌንስ ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ለ70 ሚሊሜትር 140 እጥፍ። እንደዚህ ያለ አጭር ቱቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያም በታች ይቆማል። ከዚያ በላይ ሲጎላ ያው ብርሃን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚዘረጋ ምስሉ ይጨልማል፣ ይደበዝዛል፤ አዲስ ዝርዝር ግን አይጨምርም።

በቀን ብርሃን የሚሠራው

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በጨለማ ብሎን ፍለጋ ከመዳበስ ሁሉንም ቀን ገጥሞ፣ ቀን ለማምዶ፣ ማታ ማየት ብቻ ነው። ከ1 እስከ 6 ያሉትን ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ፣ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ።

1. ትራይፖዱን ዘርጉ። እግሮቹን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ማርዘም ካለባችሁ መጀመሪያ ወፍራሞቹን አንጓዎች አውጡ፤ ቀጫጭኖቹን በተቻለ መጠን አትንኩ። የመሀሉን ምሰሶ ወደ ላይ አትሳቡት። ክብደቱን ከመሀሉ ምሰሶ ሥር አንጠልጥሉ፤ መሬት ነክቶ ወይም ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ይሁን፤ ነፋስ ካወዛወዘው ጉዳቱ ይብሳል። ይህን ሁሉ የምናደርገው ቴሌስኮፑ ንቅናቄንም ስለሚያጎላ ነው፤ በ40 እጥፍ ስታዩ ትንሿ ንዝረት 40 እጥፍ ሆና ትታያለች። የእነዚህ ትንንሽ ቴሌስኮፖች ደካማ ጎን ሌንሳቸው ሳይሆን እግራቸው ነው።

2. ቱቦውን አስቀምጡ። ከቱቦው ሥር ያለውን መያዣ ከትራይፖዱ ራስ ጋር አገናኙና አጥብቁ። እጃችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ራሱ እየተንሸራተተ አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፋ ከሆነ ቱቦውን በመያዣው ላይ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት እየገፋችሁ ሚዛኑን ፈልጉ። ሚዛኑን ያገኘ ቱቦ ብዙ ማጥበቅ አይፈልግም፤ ብዙ ያልጠበቀ ደግሞ ማታ ላይ በትንሽ ግፊት ይንቀሳቀሳል።

3. ዳያጎናሉንና የዓይን ሌንሱን ክተቱ። ከፎከስ ቱቦው (ምስሉን ለማጥራት ከሚወጣና ከሚገባው ቱቦ) ጫፍ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላሉ፣ የፕላስቲክ መክደኛውን አውጡ፣ ዳያጎናሉን ክተቱና ብሎኗን መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ 20 ሚሊሜትሩን ዳያጎናሉ ውስጥ። 10 ሚሊሜትሩ ለዛሬ ምሽት የመጀመሪያ ሰዓት ኪስ ውስጥ ይቆይ። ባርሎ የሚባለው ማጉላቱን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያደርገው ሌንስ ከካርቶኑ ውስጥ ካለ፣ እሱ ለዛሬ ጨርሶ አይውጣ።

4. ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። «ሙሉ በሙሉ» ያልኩት በምክንያት ነው። የብዙ ቴሌስኮፖች የፊት ክዳን መሀሉ ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን አለው። ሰው ትንሿን ያወጣና ክዳኑን የከፈተ ይመስለዋል። ትንሿ ቀዳዳ በጣም ደማቅ ለሆነ ነገር ብርሃን መቀነሻ ናት፤ በእሷ በኩል ኮከብ መፈለግ በመርፌ ቀዳዳ ገበያ እንደማየት ነው። ትልቁን ክዳን ራሱን አውጡና ጣታችሁን በጥንቃቄ አስጠጉ፤ ሌንሱ ሲያብረቀርቅ ካያችሁ ተከፍቷል። ሌንሱን ግን አትንኩት።

5. ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ አድርጉ። ቢያንስ 1 ኪሎሜትር የሚርቅ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ሹል ነገር ምረጡ፦ የአንቴና ጫፍ፣ የምሰሶ አናት፣ ኮረብታ ላይ የቆመ ብቸኛ ዛፍ። የፎከስ መዘውሩን ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ እስከ ሌላው በዝግታ አዙሩ። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይጠራል፣ መልሶ ይደበዝዛል፤ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ በጣም የጠራበት ላይ አቁሙ። ቦታውን በቱቦው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ማታ ላይ ፎከሱ እዚያው አካባቢ ስለሚሆን ከዜሮ አትጀምሩም።

ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ቢታይ አትደንግጡ፤ ዘጠና ዲግሪ የሚያጥፍ ባለ መስታወት ዳያጎናል ሥራው እንዲህ ነው። ለመሬት እይታ የተሠራው የ45 ዲግሪው ቀጥ አድርጎ ያሳያል። ለሰማይ ሁለቱም ያው ነው፤ ካርታችሁ ላይ ግራ ያለው በዓይን ሌንሱ ቀኝ ሊሆን እንደሚችል ብቻ አስታውሱ።

6. አነጣጣሪውን ከቱቦው ጋር አስተካክሉ። ጊዜያችሁን የምታፈሱበት ደረጃ ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ በትክክል ሠርቶ ይህን የዘለለ ሰው ማታ ጥቁር ሰማይ ያያል።

ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። በ40 እጥፍ ማጉላት በዓይን ሌንሱ የምታዩት የሰማይ ቁራጭ ስፋቱ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ትንሿ ጣታችሁ የምትሸፍነውን ያህል ማለት ነው። ቱቦውን በዓይን ግምት ወደ ጨረቃ ብታዞሩት ሦስት አራት ዲግሪ መሳሳት ቀላል ነው፤ ያኔ ጨረቃን የሚያህል ብርሃን አጠገባችሁ ሆኖ እናንተ ጥቁር ታያላችሁ። አነጣጣሪው ሰፊ ቦታ ስለሚያሳይ ያቃናችኋል። ሁለቱ አንድ አቅጣጫ ካላዩ ግን መሪያችሁ ራሱ ጠፍቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ባለ ቀይ ነጥብ ከሆነ ከባትሪው ላይ ያለችውን ግልጽ ፕላስቲክ ሳቡና አውጡ። አዲስ ዕቃ ላይ ነጥቡ አልበራ ያለው ብዙ ጊዜ በእሷ ምክንያት ነው።

ለ. በ20 ሚሊሜትሩ እያያችሁ የአንቴናውን ጫፍ ልክ መሀል አምጡ። የትራይፖዱን ራስ አጥብቁና እንደገና እዩ፤ ሲጠብቅ ጥቂት ይሸሻል።

ሐ. አሁን ቱቦውን ሳትነኩ በአነጣጣሪው እዩ። ነጥቡ ወይም መስቀሉ ሌላ ቦታ ላይ ይሆናል። የአነጣጣሪውን ብሎኖች እያዞራችሁ ነጥቡን ወደዚያው አንቴና ጫፍ አምጡት። የሚንቀሳቀሰው አነጣጣሪው ብቻ ነው። ቱቦውን አዙሮ ነጥቡን አንቴናው ላይ ያሳረፈ ሰው ምንም አላስተካከለም፤ ስህተቱን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው እንጂ።

መ. በዓይን ሌንሱ ተመልሳችሁ እዩ። ጫፉ አሁንም መሀል ነው? ከሸሸ ከ«ለ» ጀምሩ። ካልሸሸ 10 ሚሊሜትሩን ክተቱና ሁሉንም አንዴ ድገሙት።

የማነጣጠሪያው ዒላማ ሩቅ የሚሆነው አነጣጣሪውና ቱቦው 10 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚራራቁ ነው። 20 ሜትር ርቀት ላይ ባለ ግንብ ብታስተካክሉ ይህች 10 ሴንቲሜትር 0.3 ዲግሪ ገደማ ታጣምማለች፤ ከጨረቃ ወርድ ግማሽ ይበልጣል። 1 ኪሎሜትር ላይ ግን ከቁጥር አትገባም።

ከጨረሳችሁ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ተለማመዱ። አንድ የቤት ጣሪያ ምረጡ፣ በአነጣጣሪው ያዙት፣ በዓይን ሌንሱ አረጋግጡ፣ ወደ ሌላ ሂዱ። እጃችሁ መንገዱን ሲለምድ ማታ ላይ ሐሳባችሁ ሰማዩ ላይ ይሆናል።

ማታ

7. ቦታ ምረጡና ዕቃውን አስቀድማችሁ አውጡ። ቀጥታ ዓይን ውስጥ የሚገባ መብራት የሌለበት ቦታ ይሁን። ከመስኮት ጀርባ ሆኖ ማየት አይሠራም፤ የመስኮት መስታወት ምስሉን ያጣምማል፤ መስኮቱን ብትከፍቱት ደግሞ በሙቀት ልዩነት የሚወጣው አየር ያርገበግበዋል። የእንጨት ወለልና ሰው የሚመላለስበት በረንዳ እያንዳንዱን እርምጃ ያስቆጥሯችኋል። ቱቦው ከቤት ሙቀት ወደ ውጭ ሲወጣ ለመለማመድ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እስኪለማመድ ድረስ በቱቦው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አየር ምስሉን እንደፈላ ውኃ ያስመስለዋል። ይህ ጊዜ ለዓይናችሁም ይጠቅማል። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ነጭ የስልክ ብርሃን ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ቀዩ ብርሃን ለዚህ ነው። ጨረቃን ብቻ የምታዩ ከሆነ ግን ይህን መጠበቅ አያስፈልግም።

8. ከጨረቃ ጀምሩ። ደማቅ ናት፣ ትልቅ ናት፣ ካጣችኋትም መልሳችሁ ታገኟታላችሁ። በ20 ሚሊሜትሩ፣ በአነጣጣሪው አስገቧት፤ ከዚያ በዓይን ሌንሱ እዩ። ዳሯን ብቻ ብታዩ ቀስ አድርጋችሁ ግፉ። ብርሃኗ ቢያስጨንቅም ዓይን አይጎዳም።

ሙሉ ጨረቃን አትጠብቁ። ብዙ ሰው ሙሉ ስትሆን ያወጣና «ነጭ ሳህን» አይቶ ይገባል። ያኔ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ስለሚመታት ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ጉድጓዱና ተራራው አይለይም። ግማሽ ሆና በምትታይበት ሰሞን፣ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን ድንበር ተከትላችሁ እዩ። እዚያ ፀሐይ ገና እየወጣች ነው፤ እያንዳንዱ ከፍታ ረጅም ጥላ ይጥላል። ከግማሽ ጨረቃ ሁለት ቀን ያህል በኋላ 93 ኪሎሜትር የሚሰፋው የኮፐርኒከስ ጉድጓድ ከዚያ ድንበር ብቅ ሲል ግድግዳው እንደ ደረጃ ተደራርቦ ይታያል። ለሙሉ ጨረቃ የሚቀረው ከታይኮ ጉድጓድ የሚፈነጥቁት ነጫጭ ጨረሮች ናቸው፤ እነሱ ያኔ ነው የሚያምሩት።

9. ፎከሱን አጥሩ፣ ከዚያ እጃችሁን አንሡ። መዘውሩን ስትነኩ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። ትንሽ አዙሩ፣ ልቀቁ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፣ ፍረዱ። ኮከብ ላይ ከሆናችሁ ሕጉ ቀላል ነው፦ በተቻለ መጠን ትንሿ ነጥብ ስትሆን ጠርቷል። ክብ ሰሌዳ መስሎ ከታያችሁ ፎከሱ ስቷል እንጂ ፕላኔት አላገኛችሁም። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች፣ ቅርብ ወይም ሩቅ የማየት ችግር ብቻ ከሆነ አውልቁት፤ ፎከሱ ራሱ ያካክሰዋል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ እኩል ክብ ባለመሆኑ የሚመጣ የእይታ መዛባት) ካለባችሁ ግን መነጽሩን አታውልቁ።

10. መከታተልን ልመዱ። ያያችሁት ነገር ከዓይን ሌንሱ እየሸሸ ይወጣል። ዕቃው አልተንሸራተተም፤ ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይጓዛል። በ1 ዲግሪ መስክ ውስጥ አንድ ፕላኔት ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር 4 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ማጉላቱን እጥፍ ስታደርጉ ጊዜው በግማሽ ያጥራል። ዘዴው ነገሩን መሀል ላይ ማስቀመጥ አይደለም። ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒው ዳር አስቀምጡት፣ እጃችሁን አንሡ፣ ንዝረቱ ይሙት፣ በሰላም ሲያቋርጥ እዩት፤ ከዚያ እንደገና።

11. አሁን 10 ሚሊሜትሩን ክተቱ። ነገሩን በ20ው መሀል አምጥታችሁ፣ ቱቦውን ሳትገፉ ቀይሩ። ፎከሱ ጥቂት መንካት ይፈልጋል። ምስሉ ትልቅ ሆኖ ከደበዘዘ ወደ 20ው ተመለሱ፤ ሽንፈት አይደለም፣ የዛሬው አየር እንዲያ ነው። ነገሩ ወደ አድማስ ዝቅ ያለ ከሆነም ከፍ እስኪል ጠብቁት፤ ዝቅ ሲል የምታዩት በብዙ አየር ውስጥ ነው።

12. ወደ ፕላኔቶች እለፉ። ፕላኔት ከኮከብ የሚለየው ብዙም ስለማይጭለጨል ነው፤ የትኛው የት እንዳለ የሰማይ ካርታው ይነግራችኋል።

ጁፒተር ለትንሽ ቴሌስኮፕ ከሁሉ ቸር ነው። በ20 እጥፍ እንኳ ከጎኑ በአንድ መስመር የተደረደሩ እስከ አራት ነጥቦች ይታያሉ፤ የጁፒተር ጨረቃዎች ናቸው፦ አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድ፣ ካሊስቶ። ሦስት ብቻ ካያችሁ አንዱ ከፊቱ ወይም ከኋላው ነው። አቀማመጣቸውን በወረቀት ሳሉና ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደገና እዩ፤ አዮ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ42 ሰዓት ገደማ ስለሆነ መንቀሳቀሱ ይታወቃል። በ40 እጥፍና ከዚያ በላይ ሁለት ደብዛዛ ጥቁር ቀበቶዎች ይወጣሉ፤ ለማየት አንድ ደቂቃ ሙሉ ትኩር ማለት ይፈልጋሉ።

ሳተርን በ20 እጥፍ ሞላላ ነጥብ ነው። በ40 እጥፍ ቀለበቱ ከአካሉ ተለይቶ ይታያል፤ ትንሽ ነው፣ ግን የማያሳስት ነው። በሌላ ምሽት ባርሎውን ከካርቶኑ ማውጣት ከፈለጋችሁ ቦታው እዚህ ነው፤ ሁለት እጥፍ የሚያደርገው ከሆነ 80 ላይ ያደርሳችኋል። በእ.ኤ.አ. 2025 ቀለበቱ ጎኑን ወደ ምድር ሰጥቶ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ ይህ በ15 ዓመት ገደማ አንዴ የሚሆን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየተከፈተ ይሄዳል።

ቬነስ ምንም ዝርዝር አታሳይም፤ ግን እንደ ጨረቃ ግማሽና ማጭድ ትሆናለች። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ሳለች አትፈልጓት። ማርስ አብዛኛውን ጊዜ ብርቱካንማ ነጥብ ብቻ ነው፤ ወደ ምድር የሚቀርበው በ26 ወር ገደማ አንዴ ስለሆነ ያን ጊዜ ጠብቁት።

13. ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ወደ ሩቆቹ። እዚህ ላይ ትንሹ ማጉላት ንጉሥ ነው፤ 20 ሚሊሜትሩን አታውጡ። ሰባቱ ከዋክብት በዓይን ስድስት ሰባት ሆነው የሚታዩት በቴሌስኮፑ በርካታ ሆነው መስኩን ይሞሉታል። ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከሦስቱ የቀበቶ ኮከቦች አጠገብ ተንጠልጥለው ከሚታዩት ትንንሽ ኮከቦች መሀል ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ፤ 1,300 የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ገደማ የሚርቅ፣ ኮከብ የሚወለድበት ጋዝ ነው። አንድሮሜዳ ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ የሚታየውም ሞላላ ግራጫ ጭረት ሆኖ ነው።

ቀለም አትጠብቁ። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይናችን ሴሎች ቀለም አይለዩም፤ ፎቶዎቹ ቀለም ያላቸው ካሜራ ብርሃኑን ለረጅም ጊዜ ስለሚያጠራቅም ነው። ደብዛዛ ነገር ሲጠፋባችሁ ቀጥታ አትዩት፤ ዓይናችሁን ጥቂት ወደ ጎን አድርጉት። ጨለማ ላይ ብርቱ የሆኑት ሴሎች ከመሀል ውጪ ስለሚገኙ ነገሩ ከጥግ በኩል ብቅ ይላል።

14. መጨረሻ ላይ። የአነጣጣሪውን መብራት አጥፉ፤ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ባትሪ መጨረስ የሁላችንም ጥፋት ነው። ክዳኖቹን ውጭ ሳላችሁ ግጠሙ፣ ቦርሳውን ዝጉና ወደ ቤት አስገቡ፤ የቀዘቀዘ ሌንስ እርጥብና ሞቃት አየር ሲያገኝ ጤዛ ይይዛል። ቦርሳው የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ክፈቱት፤ እርጥበት ካለ ክዳኑን አንሥታችሁ በራሱ ይድረቅ። በጨርቅ፣ በሸሚዝ ጫፍ ወይም በሶፍት አትጥረጉ፤ አቧራው እንደ አሸዋ ወረቀት ሆኖ የሌንሱን ሽፋን ይጭራል። በጎማው ንፉት። ጥቂት አቧራ ምስሉ ላይ ምንም አያደርግም፤ ተደጋጋሚ ጽዳት ግን ያደርጋል።

በስልክ ፎቶ ለማንሳት

ለጨረቃ ብቻ ይሠራል ብላችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ በዓይናችሁ ፎከስ አድርጉ፣ የስልኩን ሌንስ ከዓይን ሌንሱ ጋር በሚያያይዝ መያዣ ግጠሙ፣ ጨረቃ ነጭ ሆና ከፈሰሰች ስክሪኑን ነክታችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ። ለማንሳት የሦስት ሰከንድ ቆጣሪ ተጠቀሙ፤ በጣት መንካት ያንቀጠቅጠዋል። ስልኩ ከባድ ስለሆነ የቱቦው ሚዛን ወደ ኋላ ይደፋል፤ አንድ እጃችሁን ሥሩ አድርጉ።

ሲያቅታችሁ

ሁሉም ጥቁር ከሆነ፦ ክዳኑ፣ ከዚያ አነጣጣሪው፣ ከዚያ የገጠማችሁት ሌንስ። በዚህ ቅደም ተከተል። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ፎከሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ በጣም የሳተ ፎከስ የኮከብን ብርሃን በትኖ ሊያጠፋው ይችላል።

መዘውሩ ጫፍ ደርሶም ምስሉ ካልጠራ፦ ዳያጎናሉን አውጥታችሁ የዓይን ሌንሱን በቀጥታ ከታችሁ ይሆናል። ቱቦው የተለካው ከዳያጎናሉ ጋር ነው፤ ያለ እሱ ርቀቱ ያጥራል። ወይም ደግሞ በጣም ቅርብ ነገር እያያችሁ ነው።

ነገሩ አነጣጣሪው ላይ አለ፣ በዓይን ሌንሱ የለም፦ ጉዞ ላይ ተመትቶ ተዛብቷል። ቀን እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደማቅ ኮከብ ወይም ጨረቃን በ20ው መሀል አምጥታችሁ ደረጃ 6ን ድገሙ፤ ኮከቡ ስለሚሸሽ ብቻ ፈጠን በሉ።

ደማቅ ነገር ዙሪያ ሐምራዊ ጠርዝ፦ ብልሽት አይደለም። በሁለት ሌንስ የተሠራ አጭር ቱቦ ሁሉንም ቀለም አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብ አይችልም። ማጉላት ስትቀንሱ ብዙም አይታወቅም።

ሁሉም ግራጫ ጭጋግ ከሆነ፦ የፊት ሌንሱን ከጎን በቀይ ብርሃን እዩት፤ ጤዛ ይዟል። አትጥረጉ። ከወፍራም ወረቀት ቱቦ ሠርታችሁ ከፊቱ 15 ሴንቲሜትር ያህል እንዲረዝም ብታደርጉለት ጤዛው ይዘገያል።

ምንም ባጎላ ኮከቡ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፦ ልክ ነው። ከፀሐይ በቀር ኮከቦች እጅግ ስለሚርቁ በእንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ የትኛውም ነጥብ ከመሆን አያልፍም። ኮከብ ላይ የምትፈልጉት መጠን ሳይሆን ቀለምና ጥንድነት ይሁን፦ አልቢሪዮ የሚባለውን ኮከብ በካርታው ፈልጋችሁ በ40 እጥፍ እዩት፤ በዓይን አንድ የነበረው አንዱ ወርቃማ፣ አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል።